በአንድ ጣራ ሥር ያለ አየር አንድ አይደለም
በወረርሽኝ ወቅት በቤት፣ በትምህርት ቤትና በሕክምና ተቋም ስለሚደረግ የጋዝ ልኬት ለደብረ ብርሃን ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ገለጻ



ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ በደብረ ብርሃን ፀሐይ እንዳዘቀዘቀች መስኮት ይዘጋል። በሩም ይከተላል፤ ከሥሩ ነፋስ እንዳይሾልክ ጨርቅ ይወተፍበታል። ደጅ የተያያዘው ከሰል ፍም ሲሆን ማንደጃው ወደ ውስጥ ይገባና ቤተሰቡ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ደርቦ በዙሪያው ይሰበሰባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረች፣ ሌሊት ውርጭ ለሚወርድባት ከተማ ይህ ልማድ ለዘመናት የቆየ የብርድ መከላከያ ነው፤ ሙቅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሊነቅፈው የሚገባ ሰው የለም።

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ለሕዝብ ሲሰጡ ከቆዩት ምክሮች አንዱ ግን መስኮት መክፈት ነው። ብርዱ ዝጉ ይላል፤ ወረርሽኙ ክፈቱ ይላል፤ ከሰሉ ደግሞ ከሁለቱም የፈጠነ አደጋ ይዞ በመካከል ተቀምጧል። ሦስቱን አስታርቆ ለመኖር በቤቱ ውስጥ ያለው አየር ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። አየር ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በአፍንጫም ቢሆን የሚታመን ፍርድ አይሰጥም። ከውጭ የገባ ሰው «ቤቱ ታፍኗል» ሲል ውስጥ የቆየው ምንም አይሰማውም።

ስለዚህ ይህ ገለጻ ስለ ልኬት ይናገራል። መጀመሪያ በዓለም ላይ አየርን ከብዙ ቦታ እየሳበ የሚመረምረው ትልቁ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል፤ ከዚያም የዚያ መሣሪያ ትምህርት፣ መሣሪያው ራሱ በሌለበት ቤትና ክፍል ውስጥ፣ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ያሳያል።

ትንፋሽ የሚተወው ምልክት

ከቤት ውጭ ያለ ንጹሕ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ 420 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ ግን ከ40,000 እስከ 50,000 እጅ ይይዛል። በመሆኑም ሰው በተሰበሰበበት ዝግ ክፍል ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን ሲወጣ፣ በክፍሉ ያለው አየር ምን ያህሉ ከሌላ ሰው ሳንባ የወጣ እንደሆነ ይናገራል። በአንድ መማሪያ ክፍል 1,600 ቢነበብ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከሚስበው 100 እጅ አየር ከ2 እስከ 3 እጅ የሚሆነው ቀድሞ በሌላ ሰው የተተነፈሰ ነው ማለት ነው። 2,400 ሲደርስ ከ4 እስከ 5 እጅ ይሆናል። ከተማሪዎቹ አንዱ ቫይረሱን ተሸክሞ ከሆነ፣ በዚያ ድርሻ ውስጥ ከእርሱ አፍና አፍንጫ የወጡ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይወድቁ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፈሳሾች ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ባወጣው የአየር ዝውውር መመሪያ ላይ ለትምህርት ቤትና ለመሰል ቦታዎች በአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር፣ ለሕክምና መስጫ ክፍሎች በአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ የመከረው ይህን ድርሻ ለማሳነስ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የትንፋሽ ምልክት ይሁን እንጂ ቫይረሱ ራሱ አይደለም። ሁሉም ጭምብል ባደረገበት ክፍልና ማንም ባላደረገበት ክፍል ያው ቁጥር ሊነበብ ይችላል፤ አደጋው ግን እኩል አይደለም። ማንደጃ በነደደበት ክፍል ደግሞ ጋዙ ከከሰሉም ስለሚወጣ ቁጥሩ የትንፋሽ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ይበልጥ ሰዎችን የሚያሳስተው ልኬቱ የተወሰደበት ቦታ ነው። በአንድ ሰፊ አዳራሽ በሩ አጠገብ የተቀመጠ መለኪያ 700 እያነበበ፣ ጥግ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሰዎች 1,800 ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ መለኪያ የሚለካው ደጁን ነው። ሰው አፍ ሥር የተያዘ ደግሞ የዚያን ሰው ትንፋሽ እንጂ ክፍሉን አይለካም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል የሚለው የተለመደ አባባልም በሁሉም ቦታ አይሠራም። ሞቅ ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ ወደ ላይ ይነሣና በክፍሉ ይቀላቀላል። ጋዙ ከታች የሚተኛው ቀዝቅዞ በብዛት ሲወጣ ነው፦ በቢራ ፋብሪካ የመጥመቂያ ክፍል፣ በጥልቅ ጉድጓድ፣ ወይም በጠላ ጋን ውስጥ። (ጠላ የጠመቀች እናት ጋኑ ሲፈላ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ውስጥ ብታወርድ ሲጠፋ ልታይ ትችላለች፤ የሚያጠፋው ይኸው ጋዝ ነው።) እንግዲህ የት እንደተለካ ያልተጻፈበት ቁጥር፣ ምንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን፣ ለውሳኔ አይበቃም።

አንድ መሣሪያ፣ ብዙ ቱቦ

ይህን ችግር ለመፍታት በምርምር ተቋማትና በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ቀድሞ አንድ ክፍል የሚሞላ ነበር፤ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአሠራሩን መሠረት እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ኒዮን የተባለው ጋዝ ክብደታቸው 20 እና 22 የሆኑ ሁለት ዓይነት አተሞች እንዳሉት ባሳየበት ሙከራ ጣለ። ረዳቱ ፍራንሲስ አስተን ሥራውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1922 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ በጠረጴዛ ላይ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘውን ባለ አራት ዘንግ መለያ የሠራው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓውል ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1989 ተሸልሟል።

ሥራው ለሰሜን ሸዋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በአውድማ ላይ የተወቃው ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ነፋሱ ገለባውን ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል፤ ፍሬው ከሥር ይወድቃል፤ የሚለያያቸው ክብደታቸው ነው። መሣሪያውም እንዲሁ ያደርጋል። እጅግ ጥቂት አየር በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ተመጠጠበት ክፍል ይገባል፤ በዚያ በኤሌክትሮን ይመታና ሞለኪውሎቹ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፤ ከዚያ በአራቱ ዘንጎች መካከል ሲያልፉ በተራ በተራ በክብደታቸው ተለይተው ይቆጠራሉ። የውሃ ተን 18 ላይ፣ ናይትሮጅን 28 ላይ፣ ኦክስጅን 32 ላይ፣ አርጎን 40 ላይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ላይ ይታያል። አንዱን ናሙና አንብቦ ለመጨረስ ሰከንዶች ይበቁታል።

መሣሪያው ውድ ነው፤ ፈጣን ግን ነው። ስለዚህ በየክፍሉ አንድ ከማስቀመጥ ይልቅ አንዱን መካከል ላይ አስቀምጦ ከየክፍሉ ቱቦ መዘርጋት ይቻላል። ቱቦዎቹ በሚዞር ቫልቭ ላይ ይገጠማሉ፤ 16፣ 32 ወይም 64 መግቢያ ያላቸው ቫልቮች አሉ። ቫልቩ በተራ አንዱን ለመሣሪያው ይከፍታል፤ ሌሎቹ ግን ቆመው አይጠብቁም፤ በሁሉም ቱቦ ውስጥ ፓምፕ አየሩን ያለማቋረጥ ይስበዋል። ይህ ባይሆን ተራው ሲደርስ የሚነበበው ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የቆየ አሮጌ አየር ይሆን ነበር። ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የ50 ሜትር ቱቦ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ አየር ይይዛል፤ ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ቢስብ በወዲያኛው ጫፍ የገባ አየር መሣሪያው ዘንድ የሚደርሰው ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። 12 ነጥቦች እያንዳንዳቸው ግማሽ ደቂቃ ቢሰጣቸው አንድ ዙር 6 ደቂቃ ይፈጃል።

ብርድ እዚህም አለ። ሰው ከሞላበት ክፍል የወጣ ሞቃትና እርጥብ አየር በቱቦ ውስጥ ሆኖ በቀዝቃዛ ኮሪደር ወይም በጣራ ሥር ሲያልፍ ተኑ ወደ ውሃ ይለወጥና ቱቦውን ይዘጋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚዘረጋ ተቋም ቱቦውን በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ወይም ማሞቅ ይኖርበታል፤ አለዚያ የመጀመሪያው የታኅሣሥ ሌሊት ሥራውን ያቆመዋል።

የሰው ሕይወት በተዘጋ አየር ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ሁሉ ይህ ዓይነት መሣሪያ ተፈልጓል። በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ከልዩ ልዩ ክፍሎች አየር እየሳበ የሚመረምር ማስ ስፔክትሮሜትር ይዘው ለወራት ከባሕር በታች ይቆያሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም በዚሁ መንገድ ከየክፍሉ በቱቦ የሚመጣውን አየር ይለካል።

ከሁሉም በላይ ለጤና ባለሙያ የሚያስተምረው ግን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ገዝተው በርካታ የቀዶ ሕክምና ክፍሎችን በቱቦ አገናኙት። መሣሪያው በየተራ እየዞረ በማደንዘዣ የተኛው ሰው የሚስበውንና የሚያስወጣውን ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የማደንዘዣ ጋዝ ይነግራቸው ነበር። ትልቅ እርምጃ ነበር። ጉድለቱም በተራው ውስጥ ነበር፦ ለአንዱ ታካሚ የተሰጠው ተራ አልፎ እስኪመለስ ባለው ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦው ቢወልቅ ወይም ከመጀመሪያውም በጉሮሮ በኩል ወደ ጨጓራ ገብቶ ቢሆን፣ ማሽኑ ሌላ ክፍል እያዳመጠ ነው። አእምሮ ኦክስጅን ካጣ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነው። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች በየክፍሉ ያለማቋረጥ የሚያነብ አነስተኛ የኢንፍራሬድ መለኪያ ርካሽ ሲሆን የጋራው መሣሪያ ቦታውን ለቀቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ነገር በተራ ቢለካ ይበቃል፤ በደቂቃዎች የሚገድል ነገር ግን ተራ አይጠብቅም፤ ባለበት ክፍል ውስጥ የራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ሃያ ስምንት

ከላይ ናይትሮጅን 28 ላይ እንደሚታይ ተነግሯል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ክብደቱ 28 ነው። አንድ ካርቦን 12፣ አንድ ኦክስጅን 16፣ ሲደመር 28፤ ሁለት ናይትሮጅን ደግሞ 14 እና 14፣ ሲደመር እንደገና 28። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ፣ በተለመደው የጠረጴዛ ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ሰው የሚገድል መጠን ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያ ትልቅ የናይትሮጅን ክምር ውስጥ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል። በሰርጓጅ መርከቦቹ ውስጥ ለዚህ ጋዝ ብቻ ሌላ የኢንፍራሬድ መለኪያ የተጨመረው ስለዚህ ነው። ያን ያህል የረቀቀ መሣሪያ የማያየውን ነገር አፍንጫ ያየዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም።

ስለ ከሰል በየቤቱ የሚነገሩ ጥቂት እምነቶች በዚህ ምክንያት መታረም አለባቸው። ከሰሉ ጢሱ አልፎ ፍም ከሆነ አይጎዳም ይባላል፤ ጢሱ የሚታየው ክፍል ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከደመቀው ፍምም በብዛት ይወጣል። አመድ ሲለብስና አየር ሲያጥረውም መውጣቱን አያቆምም። አጠገቡ ውሃ በዕቃ ማስቀመጥ ያድናል ይባላል፤ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውሃው ምንም አይዘውም። ከፍ ያለ አልጋ ላይ መተኛትም አያድንም፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነና ሞቆ ስለሚወጣ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።

በደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዘዋል። በደብረ ብርሃን ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶ 21 እጁ ኦክስጅን መሆኑ እዚያም እዚህም አንድ ቢሆንም፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በደጋው ያንሳል። ካነሰው ላይ የሚወስድ ጋዝ የበለጠ ይጎዳል።

ወረርሽኙ ይህን አደጋ በሌላ አደጋ ጭምብል ሸፈነው። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የትንፋሽ ማጠር የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክቶች ናቸው፤ በኮቪድ-19 ዘመን ግን እነዚህን የተሰማው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቫይረሱን ነው። ታምሜያለሁ ብሎ ክፍሉን ይዘጋል፤ እንዳይበርደው ማንደጃ ይገባለታል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠናል። ሕመሙ ይብሳል፤ ሲብስ ደግሞ ይበልጥ ይዘጋል። ከሌሎች ተለይቶ በአንድ ክፍል እንዲቆይ የተነገረው ሰው ብቻውን ስለሆነ ደግሞ ሲደክም የሚያየው የለም። ራሱን ለይቶ የሚቆይ ታማሚ ባለበት ክፍል ፈጽሞ ከሰል መግባት የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ ያታልላል። መሣሪያው ደሙን በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን እያየ በቀለሙ ይፈርዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ደምም ልክ ኦክስጅን እንደያዘው ደማቅ ቀይ ነው። ታማሚው እየታፈነ መሣሪያው 97 ወይም 98 ሊያሳይ ይችላል። በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው ከቆላው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ማሳየቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ራሱን እየሳተ ላለ ሰው የሚታይ ያማረ ቁጥር ሊያጽናና አይገባም፤ ይልቁንም ሊያጠራጥር ይገባል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ። ትኩሳት አለ ወይ? ካርቦን ሞኖክሳይድ ትኩሳት አያመጣም። በቤቱ ያሉት ሁሉ በአንድ ሰዓት ታመሙ ወይ? ተላላፊ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ልዩነት ነው የሚዳረሰው። ከቤት ሲወጡ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብስባቸዋል ወይ? መልሱ ወደ ከሰሉ ካመለከተ መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ ደጅ ማውጣት፣ በር መክፈት፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ጋዙ ተራ አየር ለሚተነፍስ ሰው ከደሙ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለባለሙያው «ከሰል ነበር» ብሎ መናገርም የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ሳይነገረው በጣት መለኪያው ተታልሎ ሊያሰናብት ይችላልና።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሁለተኛው ወገን፣ ተራ ከማይጠብቀው ነው። በባትሪ የሚሠራ የማንቂያ ደወል ያለው መለኪያ የሚቀመጠው ከሰሉ ባለበትና ሰው በሚተኛበት ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 35 ሚሊ ግራም ነው፤ በመለኪያው ላይ ከሚሊዮን 30 እጅ ገደማ መሆኑ ነው። መለኪያ የሌለው ቤት መፍትሔው ከሱ የቀለለ ነው፦ ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ማውጣት።

በኦክስጅን መስመር ላይ

በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የሚለካው ጋዝ ራሱ መድኃኒት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ በአገሪቱ የተስፋፉት የኦክስጅን ማምረቻዎች አየርን በዜዮላይት ውስጥ በግፊት እያሳለፉ ናይትሮጅኑን ያስቀራሉ። ዜዮላይቱ አርጎንን አያስቀርም፤ በአየር ውስጥ ከመቶ አንድ ገደማ የነበረው አርጎን አብሮ ይጠራቀምና የሚወጣው ጋዝ 93 በመቶ ያህል ኦክስጅን፣ የተቀረው በአብዛኛው አርጎን ይሆናል። አርጎኑ ታካሚውን አይጎዳም። ዜዮላይቱ እርጥበት ገብቶበት ሲደክም ግን ናይትሮጅን ማምለጥ ይጀምራል።

ማምረቻው ላይ የተገጠመው መለኪያ ማምረቻውን ብቻ ይናገራል። በታካሚው ራስጌ ካለው መውጫ የሚወጣው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በጥገና ጊዜ ከተራ አየር ቱቦ ጋር የተሳሳተ መስመር ከራስጌው ካልተለካ አይታወቅም። በአልጋ አጠገብ የሚቆሙት ኮንሰንትሬተሮችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዜዮላይት ስላላቸው እያንዳንዳቸው ይለካሉ። ከ82 በመቶ በታች የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር ድምፁ እንደወትሮው ቢሆንም ከታካሚው ተለይቶ ለጥገና መሄድ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ኦክስጅን በክፍሉ አየር ውስጥ ተጠራቅሞ ከ23 በመቶ ሲያልፍ ትንሽ ብልጭታ ትልቅ እሳት ይሆናል። ሚያዝያ 16 ቀን 2013 ዓ.ም. በባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል የኮቪድ-19 ታማሚዎች በተኙበት ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ተያይዞ የተነሣው እሳት ከ80 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ብርድ ባለበት ከተማ አስታማሚ ማሞቂያ ወይም ከሰል ይዞ ወደ ኦክስጅን ክፍል እንዳይገባ መከልከል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቫልቩ ሰው ሲሆን

ማስ ስፔክትሮሜትር ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አይገዛም፤ አያስፈልግምም። አንድ በእጅ የሚያዝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያና አንድ የሠለጠነ ሰው የዚያን መሣሪያ ሥራ በአብዛኛው ይሠራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ተጠሪ ወይም የመጠለያ ጣቢያው አስተባባሪ መለኪያውን ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር እርሱ ራሱ ቫልቩ ነው። ደንቡም ያው ነው፦ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አየሩ ወደ መለኪያው እስኪደርስ 3 ወይም 4 ደቂቃ መታገሥ፣ በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ከፍታ መያዝ፣ ከበርና ከመስኮት እንዲሁም ከማንኛውም ሰው አፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ፣ በአንድ ክፍል ቢያንስ ሦስት ቦታ መለካት። በደብተሩ ላይ ቁጥሩ ብቻውን አይጻፍም፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የሰው ብዛት፣ የተከፈተው መስኮት አብረው ይጻፋሉ። ልኬቱ ባዶ ክፍል ውስጥ በጠዋት ሳይሆን ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሴው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ የእድር ድንኳኑ በለቀስተኛ ሲሞላ፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት አዳራሽ ደግሞ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሊነጋጋ ሲል ቢወሰድ ይመረጣል። ተናጋሪው ሰዓት ያ ነው።

ከመለካት በፊት ግን መለኪያው ደጋ መሆኑን ማወቅ አለበት። አብዛኞቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያዎች የሚያነቡት በኢንፍራሬድ ብርሃን መንገድ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ሞለኪውሎቹም ይሳሳሉ። ለባሕር ጠለል የተስተካከለና እርማት ያልተደረገለት መለኪያ በደብረ ብርሃን ደጅ 420 ማንበብ ሲገባው 300 ገደማ ሊያነብ ይችላል፤ 1,600 የሆነውንም ክፍል 1,150 ገደማ ብሎ ያቃልለዋል። ስለዚህ በመለኪያው ማስተካከያ ላይ ከፍታው ይሞላል። ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሥራ የሄደ መለኪያ እዚያ እንደገና ይስተካከላል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ማስተካከያ የሌለው መለኪያ ከተገኘ ደጅ ላይ የሚያነበውን መዝግቦ ከክፍሉ ንባብ ጋር ማነጻጸር ከምንም ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መክፈት ነው፤ አከፋፈቱ ደግሞ ብርዱን ያገናዘበ ሊሆን ይችላል። ከ800 በታች የሚነበብበት ክፍል ጥሩ ነው። ወደ 1,000 ሲጠጋ የሚከፈት ነገር ይፈለጋል። ከ1,500 በላይ ከቆየ የሰው ቁጥር መቀነስ ወይም ስብሰባውን ወደ ደጅ ማውጣት ይገባል። ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጎ ተማሪውን ከማንቀጥቀጥ ይልቅ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ መስኮትና በር ወለል አድርጎ መክፈት አየሩን ቶሎ ይለውጠዋል፤ በዚያች አጭር ጊዜ የሚወጣው የአየሩ ሙቀት እንጂ የግድግዳውና የዕቃው አይደለም፤ ሲዘጋ ክፍሉ ቶሎ ይመለሳል። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሆኖ ቢከፈት ደግሞ ማንም አይበርደውም። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ መስኮት ጣት በሚያስገባ መጠን ቢከፈት መካከል ላይ ያለው ተሳፋሪ ይተነፍሳል፤ «ብርድ ይመታኛል» የሚል ተሳፋሪ ይኖራል፤ ጋቢውን ከፍ አድርጎ እንዲከናነብ በአክብሮት ይነገረው።

በቤት ደግሞ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሳለች በሩና መስኮቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከፍቶ ቢቆይ፣ ማንደጃውም ሰው ነቅቶ ባለበትና መስኮት ገርበብ ባለበት ብቻ ቢነድ፣ ሲመሽም ከነፍሙ ደጅ ወጥቶ በአመድ ቢዳፈን፣ ሌሊቱን ቤተሰቡ በብርድ ልብስና በባና ያሳልፈዋል። በእንቅልፍ ሰዓት አንድ መስኮት በጥቂቱ ክፍት ይሁን። ማንኛውም ነዋሪ ጥያቄ ካለው፣ ወይም በቤቱ የኮቪድ-19 ምልክት ያየ ሰው፣ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ባለሙያ ሊያነጋግር ይችላል፤ ሲደውልም በቤቱ ከሰል ይነድ እንደነበር ሳይጠየቅ ይናገር።